ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚገለጽበት ቀን አስቀድሞ እንዲታወቅ ስለመጠየቅ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተጠናቀቀበት ዕለት አንሥቶ ውጤቱ እስከሚገለጽበት ዕለት ድረስ ያለው ጊዜ በትምህርት ካሌንደር ላይ ስም የለውም፤ ዕረፍት እንዳይባል ልብ አያሳርፍም፣ ትምህርት እንዳይባል ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ወጥቷል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲም ገና አልገባም። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ይህንን ስም የለሽ ጊዜና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር የሚጠብቁ ወላጆችን ሲሆን፣ ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚያቀርበውም ጥያቄ አጭር ነው፦ ውጤቱ የሚገለጽበት ሳምንት ፈተናው ሳይጀመር ለሕዝብ ይነገር፣ ትክክለኛው ቀንም አስቀድሞ ይቆረጥ።

ቀን መቁረጥ በአገራችን ኑሮ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌ የተላከበት ቤት እሺም እምቢም ሳይል ለመልሱ ቀን ይቆርጣል፤ ዕቁብተኛ ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ባያውቅም መቼ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ፍርድ ቤትም ተከራካሪዎችን ያለ ቀጠሮ አያሰናብትም፣ ጉዳዩ ባያልቅ እንኳ ለውሳኔ ቀን ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ማስተዋል አንድ ነው፤ ሰው ደጉንም ሆነ ክፉውን ወሬ ለመቀበል የሚዘጋጀው ቀኑን ሲያውቅ ነው፣ ቀኑ ያልተነገረው ግን ማለዳ በተነሣ ቁጥር ፍርዱ የዛሬ እንደሆነ እያሰበ ይውላል። በ2017 ዓ.ም. ብቻ 585,882 ተማሪዎች ለፈተናው ተቀምጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር እናት፣ አባት፣ አያት፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን የከፈለ አጎት ወይም ታላቅ እኅት ቢቆጠር፣ በዚህ ዓይነት ጥበቃ ውስጥ የሚከርመው ሕዝብ ከአንድ ትልቅ ከተማ ነዋሪ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ፈተናው ዛሬ የሚሰጥበት ሥርዓት በበቂ ምክንያት የመጣ መሆኑን ወላጆች አይክዱም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨታቸው ፈተናው ተቋርጦ በሐምሌ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል፤ ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት የጥያቄ መውጣትና ኩረጃ፣ ማለትም ተፈታኝ ከተፈታኝ ወይም ከውጭ ሰው መልስ መቀበሉ፣ የውጤቱን ታማኝነት እየሸረሸረው መጥቶ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጓጉዘው፣ እዚያው እያደሩና ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ የተደረገው በዚህ የተነሣ ነው። ወላጅ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል በሶና ዳቦ ቆሎ የተቋጠረበትን ፌስታል ካቀበለ በኋላ፣ ልጁ በላ አልበላ፣ አመመው ተሻለው፣ ጥያቄው ከበደው ወይም ቀለለው ብሎ የሚጠይቀው የለውም። ይህ የመጀመሪያው ጥበቃ ነው፣ ቀላልም አይደለም፤ ሆኖም ወላጆች ችለውታል፣ የቻሉትም አውቶቡሱ የሚመለስበት ቀን በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈ በመሆኑ ነው። እናቲቱ ያን ቀን አስባ ቡናዋን ትቆላለች፣ አባትየውም ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ መናኸሪያ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጥበቃ ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናቸውን ጨርሰው ውጤታቸውን ያወቁት በጥር ነበር፣ ይኸውም ከሦስት ወር በላይ ከቆዩ በኋላ ነው። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች በሐምሌ መጨረሻ ተፈትነው ውጤቱ የተነገራቸው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ ሲሆን፣ የ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች በሐምሌ ተፈትነው በጳጉሜ፣ የ2017 ዓ.ም. ተፈታኞችም በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ተፈትነው በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ውጤታቸውን ሰምተዋል። ጊዜው ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ማጠሩ የአገልግሎቱ ሠራተኞች ትጋት ውጤት ነውና ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና እነዚህ ዓመታት ሌላም ነገር ያሳያሉ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሥራው በሁለት ወር ዙሪያ እየተመላለሰ ካለቀ፣ መሥሪያ ቤቱ የገዛ ሥራውን ርዝመት ያውቃል ማለት ነው። በወረቀት የተፈተኑት ተማሪዎች የመልስ ወረቀት ተሰብስቦ፣ በእርሳስ የጠቆረውን ክብ በሚለይ ማሽን ተነብቦ፣ ከፈተናው ኮድ ጋር ተመሳክሮ፣ ደንብ የተጣሰባቸው ውጤቶች ተጣርተው እስኪያልቁ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ከማንም በላይ የሚያውቀው አገልግሎቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ቀኑ ያልተነገረው ቀኑ ሊታወቅ ስለማይችል አይመስልም፤ ቀኑን መናገር እንደ ግዴታ ስላልተቆጠረ ነው።

ያልተነገረ ቀን በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በቅርብ መታየት አለበት። ተፈታኙ የአሥራ ሰባት ወይም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከፈተናው በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉን ይተኛል፣ ጓደኞቹን ያገኛል፣ ሁሉም ደግ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በቴሌግራም ቻናሎች የሚዞሩትን የመልስ ዝርዝሮች እያየ የሠራውን ማመሳከር ይጀምራል፤ ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፣ ስለዚህ ማክሰኞ ያለፈ የመሰለው ልጅ ረቡዕ ወድቆ ያድራል። አባት ‹‹ስንት ትጠብቃለህ?›› ሲለው ‹‹ደህና ነው›› ይላል፤ አባትም ከዚያ በላይ ቢጠይቅ እንዳይጨንቀው ይሰጋል፣ ባይጠይቅ ደግሞ ግድ ያጣ እንዳይመስለው ይፈራል፣ በዚህም መካከል ሁለቱ ስለ ኳስና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ የሚነጋገሩ ሰዎች ይሆናሉ። አድሚሽን ካርዱ፣ ማለትም የተፈታኙ ስምና የምዝገባ ቁጥር ያለበት ወረቀት፣ እንዳይቀደድ በላስቲክ ተጠቅልሎ በቡፌው መስታወት ውስጥ ከሠርግ ፎቶግራፉ አጠገብ ተቀምጧል፤ እናቱ ግን ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች። ውጤት በአጭር የጽሑፍ መልእክት በሚታይበት በ6284 ቁጥሩን ደጋግማ ትልካለች፣ የሚመጣላት መልስም ያው ነው። ለሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለች እንደሆነ ስዕለቷን ለታኅሣሥ አስተላልፋ፣ ፍልሰታን በዚህ ሐሳብ ትጾማለች፤ ሙስሊሟ ጎረቤቷም ለልጇ ዱዓ ታደርጋለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ‹‹ወጣ እንዴ?›› ብለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወሬ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም እውነተኛው ቀን ባልተነገረበት ቦታ የሐሰት ቀን መፈጠሩ አይቀርም። ‹‹ዛሬ ማታ ይለቀቃል›› የሚል መልእክት በሐምሌ ይጀምርና እስከ ውጤቱ ዕለት ድረስ በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ የሚመለከተው አካል ወሬው ሐሰት መሆኑን ሲያስተባብልም፣ ማስተባበያው ዛሬ እንዳልሆነ እንጂ መቼ እንደሆነ አይናገርምና በማግስቱ ሌላ ወሬ ይተካል። ከዚህም የከፋው ውጤት እናስተካክላለን፣ ቀድመን እናሳያለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ገበያ የሚደራው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው። የተጨነቀ ወላጅ እንዲህ ላለው ሰው ብር የሚልከው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ከመንግሥት ያላገኘውን ቀን የነገረው ያ አጭበርባሪ ብቻ ስለሆነ ነው።

የውጤቱ ቀን ሲደርስ የሚሆነውም ከጥበቃው ጋር አብሮ መታየት ይገባዋል። እስካሁን በተለመደው አሠራር የሚቀድመው መግለጫው ነው፤ በቴሌቪዥን የአገሪቱ የማለፍ መጠን፣ ከፍተኛው ውጤት፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት ይነገራል፣ ተማሪው የራሱን ውጤት የሚያየው ግን ከዚያ በኋላ ሲከፈት ነው። በጥር 2015 ዓ.ም.፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ መሆናቸው ሲነገር፣ በየቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ቤተሰብ የልጁን ውጤት ገና አላየም ነበር። በዚያ መግለጫና ውጤቱ በተከፈተበት ሰዓት መካከል የነበረውን ዝምታ የሚያውቁት በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ ማንም ማንንም አያይም፣ ልጁ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል፣ አባት ድምፁን ይቀንሳል እንጂ ቴሌቪዥኑን አያጠፋም። ያ መጠን በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። እድገቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ሌላ ነገር አለ፣ እርሱም የውጤት ቀን ከመቶ ቤት ከዘጠና በሚበልጡት ውስጥ የመርዶ ቀን መሆኑ ነው። የውጤት አገላለጽ የሚታቀደው ለእነዚህ ቤቶች ታስቦ መሆን ሲገባው፣ ዛሬ ያለው አሠራር ያለፈው ተማሪ ደስታውን እንዲያበስር ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ከ50 በመቶ በታች ማምጣት የመንገዱ መጨረሻ አለመሆኑን መሥሪያ ቤቶቹ ያውቃሉ፤ ራሳቸው ሬሜዲያል የሚባለውን መርሐ ግብር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዘርግተዋልና። ሬሜዲያል ማለት የማለፊያውን ነጥብ ያላገኙ፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚወሰነውን ዝቅተኛ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደገና የሚመዘኑበት ዕድል ሲሆን፣ ለብዙ ሺህ ወጣቶች በር ከፍቷል። ይሁንና የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ፣ በተለምዶ ከት ኦፍ የሚባለው፣ ከውጤቱ ጋር አብሮ ሳይነገር ሲቀር ሦስተኛ ጥበቃ ይጀመራል፤ የዩኒቨርሲቲ ምደባውም አራተኛው ነው። ልጁ ወድቋል ወይስ አልወደቀም የሚለው ጥያቄ ለሳምንታት መልስ ያጣል፣ ቤተሰቡም ለጠያቂ ሁሉ ‹‹ገና ነው›› እያለ ይቆያል። በዚህ መሐል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምዝገባ ያልፋል፣ ወይም ልጁ ተስፋ ቆርጦ ከተመዘገበ በኋላ የሬሜዲያሉ ወሬ ይደርሰዋል። በገጠር ደግሞ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያገኛት የሚወሰንባት ነገር ብዙ ነው፤ የጋብቻ ጥያቄው በዚያው ወቅት ይመጣል፣ ወደ ዓረብ አገር የሚወስደው ደላላም እንዲሁ፣ አባቷም ‹‹ውጤቷን እንይ›› ብሎ የሚመልሳቸው ቀኑን መናገር ሲችል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ለሁሉም እኩል አለመሆኑም አይዘነጋ። ከተማ ያለው ልጅ ውጤቱን አልጋው ላይ ተጋድሞ ያያል፤ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ያለው ግን ወረዳው ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፎ፣ ከፍሎ ነው የሚያየው፣ ያልተለቀቀ እንደሆነም ያንኑ መንገድ ይመለሳል፣ ወሬ በሰማ ቁጥርም ይደግመዋል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ሠርታ ልጇን ያስተማረች እናት በኢሞ የምትደውለው አሠሪዋ በፈቀደችላት ሰዓት ነው፤ ቀኑን ብታውቅ ያን ሰዓት ለዚያ ቀን ትለምነው ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፈተናው ለዓመታት ዘግይቶባቸው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተፈተኑት የትግራይ ተማሪዎች፣ በግጭት ውስጥ ትምህርታቸው እየተቆራረጠ ለፈተና የበቁት የአማራ ክልል ልጆችም፣ ከሌላው ቀድመው መጠበቅ የጀመሩ ናቸውና በእነርሱ ላይ ቀን የሌለው ጥበቃ መጨመር ከባድ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ መልስም አላቸው። አንደኛው ቀን ተቆርጦ ሥራው ቢዘገይ ሕዝብ ይቆጣል የሚል ነው። ይህ ሥጋት ተገቢ ቢሆንም መፍትሔው ዝምታ አይደለም፤ መጀመሪያ ከፈተናው መርሐ ግብር ጋር ውጤቱ የሚወጣበት ሳምንት ይነገራል፣ እርማቱ ሲገባደድ ደግሞ ቢያንስ ከዐሥር ቀን በፊት ትክክለኛው ቀንና ሰዓት ይቆረጣል፣ እክል ቢፈጠር መዘግየቱ ከነምክንያቱና ከነተለዋጭ ቀኑ ይገለጻል። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲለውጥ ባለጉዳይ ያዝናል፣ ቀጠሮ ይቅር የሚል ግን የለም። ሌላው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ሊሰረቅ የሚችለው ጥያቄው ነው፣ ጥያቄውም ከተፈተኑበት በኋላ ምሥጢር መሆኑ ቀርቷል፤ የውጤት ቀን መታወቁ የመልስ ወረቀቱን አይለውጠውም። በእንግሊዝ አገር የኤ ሌቭል ፈተና ውጤት በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ በሚውል ሐሙስ እንደሚወጣ ተማሪው ፈተና አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ያውቃል፤ በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ለዚያ ሐሙስ ከሥራው ፈቃድ የሚጠይቀው ከወራት በፊት ነው። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ያለው ወላጅ ከዚህ ያነሰ የሚገባው አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ቢገባ መስመሩ ይጨናነቃል የሚባለው ደግሞ ዛሬም ያለ ችግር ነው፣ ቀኑ ባልታወቀበት ሁኔታ የባሰ እንጂ የቀለለ አይሆንም፤ ክልሎችን በሰዓት በመከፋፈል፣ የታተመ ዝርዝርም ወደ ትምህርት ቤቶች በመላክ ይቃለላል።

ወደ ትምህርት ቤቶች መላኩ ለመስመር መጨናነቅ ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ተማሪው ውጤቱን ብቻውን፣ በሌሊት፣ በስልክ መስታወት ላይ ከሚያየው ይልቅ በማለዳ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አስተማሪው በተገኘበት ቢያየው፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚነግረው ሰው አጠገቡ ይኖራል። ሬሜዲያል ለማን እንደሆነ፣ በግል እንደገና መፈተን እንዴት እንደሚቻል፣ የቴክኒክና ሙያ ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ፣ በውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ማመልከቻውን በየት በኩልና እስከ መቼ እንደሚያቀርብ የሚያስረዳ አንድ መምህር በዚያ ቀን በየትምህርት ቤቱ ቢመደብ፣ ወጪው የአንድ ቀን አበል ነው። ቅሬታ የሚቀርብባቸው ቀናት ጥቂት በመሆናቸው፣ ውጤቱን ዘግይቶ የሰማ የገጠር ልጅ መብቱን ሳያውቅ ያልፈዋል። አገራዊው መግለጫም ተማሪዎች ውጤታቸውን ካዩ በማግስቱ ቢሰጥ ከክብሩ የሚጎድል ነገር የለም፤ የሬሜዲያል መቁረጫው ግን ከውጤቱ ጋር በዚያው ሰዓት መነገር አለበት።

የወላጆችም ድርሻ አለ፣ ይህ ደብዳቤ ግልጽ የተደረገውም እነርሱ እንዲያነቡት ነው። ቀኑ እስኪቆረጥ ድረስ በቤት ውስጥ ሊቆረጥ የሚችል ነገር አለ፤ ውጤቱ ከ50 በላይም ሆነ በታች ቢሆን ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ ከልጁ ጋር ተቀምጦ መነጋገርና መስማማት ይቻላል። ልጅ ከውጤቱ ይልቅ የሚፈራው የአባቱን ፊት ነውና፣ ያ ፊት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ቢያውቅ የሌሊቱ ግማሽ ይቀልለታል። ጎረቤትና ዘመድ በበኩሉ ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ ‹‹ስንት አመጣህ?›› የሚለውን ጥያቄ ለልጁ ይተውለት፤ የሚነገር ካለው ራሱ ይናገራል።

የሚቀጥለው ፈተና መርሐ ግብር በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ እንደተለመደው ቀኑ፣ ሰዓቱና የትምህርቱ ዓይነት በሰንጠረዥ ተሠርቶ ይቀርባል፤ እንግሊዝኛ በዚህ ቀን፣ ሒሳብ በዚህ ቀን፣ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ በዚህ ቀን ይላል። ወላጆች የሚጠይቁት በዚያ ሰንጠረዥ ሥር አንድ ረድፍ እንዲጨመርና በረድፉም ላይ ‹‹ውጤት የሚገለጽበት ሳምንት›› ተብሎ እንዲጻፍበት ነው።

ከአክብሮት ጋር